በጁባ የሣር ማጨጃና የውሃ መሳቢያ ሞተር ስለሚቆምበት ምክንያትና በኤሌክትሪክ ስለ መተካቱ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ዝናብ የሚጀምረው በሚያዝያ ወር ገደማ ሲሆን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት በየትምህርት ቤቱ፥ በየሐኪም ቤቱ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየመኖሪያው ግቢ የሚበቅለው ሣር ጥቂት ሳምንት ችላ ከተባለ ከጉልበት በላይ ይደርሳል። ረዥም ሣር የእባብ መደበቂያ ስለሆነ ሣሩን ማጨድ ግቢን የማሳመር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕፃናትንና በሽተኞችን ከአደጋ የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ተራው የውሃ ይሆናል። በነጭ ዓባይ ዳርና በጎንዶኮሮ ደሴት ባሚያ፥ ቲማቲምና ጎመን እያለሙ ለከተማው ገበያ የሚያቀርቡ ገበሬዎች በበጋው ወራት ከወንዙ ውሃ ካላወጡ ማሳቸው ይደርቃል። ለሁለቱም ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በገመድ እየተጎተተ የሚነሣው ትንሹ የቤንዚን ሞተር ነው።

ይህ ሞተር በሚፈለግበት ወቅት እምቢ ማለቱ የተለመደ ሆኗል። ሣር ማጨጃው ዝናቡ በጀመረ ሳምንት፥ የውሃ መሳቢያው ዝናቡ ባቆመ ሳምንት፥ ገመዱ ሃያ ጊዜ ቢጎተት አይነሣም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ በመጋቢት ፀሐይ ሦስትና አራት ቀን ውሃ ካጣ የገበሬው የሁለት ወር ድካም ከንቱ ይሆናል። ማጨጃ ተሸክሞ በየግቢው እየዞረ በቀን ሥራ የሚያድረው ወጣት ሞተሩ በቆመ ዕለት የዕለት እንጀራውን ያጣል። መሣሪያው የመሥሪያ ቤት ንብረት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ አቧራ ይለብስና በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሌላ አዲስ ይገዛል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ሞቷል፥ ሌላ ይገዛ» የሚለው የቆየው ምክር ነው። ሁለተኛው «የቤንዚን ነገር ከእንግዲህ ይብቃ፥ በባትሪ የሚሠራ ይምጣ» የሚለው አዲሱ ምክር ነው። ሁለቱም ምክሮች ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጡ በመሆናቸው ገንዘብ ያስወጣሉ እንጂ ችግሩን አያነሡም። እውነቱ ሲታይ አብዛኛው የቆመ ሞተር የተበላሸ ቤንዚን ጠጥቶ የታነቀ እንጂ የሞተ አይደለም። ወደ ኤሌክትሪክ መሻገርም መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ተጠብቆ፥ ኃይሉም ከፀሐይ ተገኝቶ ሲሆን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቤንዚኑ የሚመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ደቡብ ሱዳን ከምድሯ ድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ አገር ብትሆንም ድፍድፉ በቧንቧ ወደ ሰሜን ተጉዞ በፖርት ሱዳን ወደብ ለውጭ አገር ይሸጣል እንጂ በጁባ ተጣርቶ ቤንዚን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በማስተላለፊያ ክፍያ ምክንያት ከሱዳን ጋር በተነሣው ክርክር ምርቱ ተቋርጦ እስከ 2013 ቆይቷል፤ በ2024 ደግሞ በሱዳን በሚካሄደው ጦርነት መካከል አንደኛው ትልቅ ቧንቧ ተሰብሮ ለብዙ ወራት ሥራውን አቁሟል። በጁባ የሚሸጠው ቤንዚን በብዛት የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፤ ከባሕር ማዶ ተጣርቶ በኬንያ የሞምባሳ ወደብ ከገባ በኋላ በኡጋንዳ አቋርጦ በኒሙሌ ድንበር በኩል በከባድ መኪና ይደርሳል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ በ2012 ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው ቢያጥርም ቤንዚኑ ግን አሁንም ከማጣሪያው ወጥቶ ከገበሬው ጀሪካን እስኪደርስ ብዙ እጅና ብዙ ዕቃ ያልፋል። እጥረት በሆነም ጊዜ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ፥ በፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲሸጥ ይታያል።

ቤንዚን እንደ እህል በጎተራ የሚከማች ነገር አይደለም። በውስጡ ያለው ቀላሉና ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍል በሙቀት ይተንናል፤ የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ የሚመስል ዝቃጭ ይሆናል። ቤንዚንና አየርን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያሳልፈው ከመርፌ ጫፍ በማይሰፋ ቀዳዳ ስለሆነ ጥቂት ሙጫ ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትዘጋዋለች። የሣር ማጨጃው ከኅዳር እስከ መጋቢት፥ የውሃ መሳቢያው ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ቤንዚን በሆዱ እንደ ያዘ ጥግ ተቀምጦ ይከርማል። ባለቤቱ በአዲሱ ወቅት መባቻ ገመዱን ሲጎትት የሚያገኘው የራሱን ያለፈ ዓመት ቤንዚን ዝቃጭ ነው። የጁባ ሞተሮች በዝናቡና በበጋው መለወጫ ላይ የሚቆሙበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዘይት ነገር ነው። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ሁለት ወገን ናቸው። በትከሻ ተንጠልጥለው የሚያጭዱት ማጨጃዎችና የሰንሰለት መጋዞች በብዛት ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ዘይታቸውም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። በእግራቸው የሚቆሙት የውሃ መሳቢያዎችና እየተገፉ የሚያጭዱት ግን በብዛት ባለ አራት ምት ናቸው፤ ዘይታቸው በተለየ ሥፍራ ስለሚቀመጥ ቤንዚናቸው ንጹሕ መሆን አለበት። በአንድ ግቢ ሁለቱም ዓይነት ሞተር ሲኖርና ጀሪካኑ አንድ ሲሆን ስሕተት መፈጠሩ አይቀርም። ባለ ሁለት ምቱ ዘይት የሌለበት ቤንዚን ከተሰጠው ፒስተኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተፍቆ ይነክሳል፤ ይህ ጉዳት ከሞላ ጎደል የማይጠገን ነው። መጠኑም በግምት የሚደረግ አይደለም። አምራቹ አንድ ለሃምሳ ብሎ ከጻፈ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፥ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ አንድ ለሃያ አምስት ብሎ ከጻፈ እጥፍ ይሆናል። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ከመጠን በላይ የሚጨመር ዘይትም ጭስ ያበዛል፥ ካንዴላውን ያጠቁራል፥ የማርሚታውንም መውጫ በጥላሸት ይደፍናል። እንግዲህ ቀላሉ መድኃኒት ሁለት ጀሪካን መያዝና በአንደኛው ላይ «ዘይት ያለበት» ብሎ በቀለም መጻፍ ነው።

በባለ አራት ምቱ ሞተር ላይ አንድ የተለየ ነገር መታወቅ አለበት። ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይት ሲጎድል ራሳቸውን የሚያቆሙበት መሣሪያ ተሠርቶላቸዋል። ሞተሩ ዘይቱ ጎድሎ ወይም በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አዘንብሎ ተቀምጦ እምቢ ሲል ባለቤቱ የተበላሸ እየመሰለው ወደ ጋራዥ ተሸክሞት ይሄዳል። ይህ ሞተሩ ራሱን ማዳኑ ነው። በደልዳላ ሥፍራ አስቀምጦ ዘይቱን መሙላት ብቻ ይበቃዋል።

ምርመራው እንግዲህ ሥርዓት ያስፈልገዋል። አንድ ሞተር እንዲነሣ የሚያስፈልጉት ነገሮች አራት ናቸው፤ ይኸውም ያልተበላሸ ቤንዚን፥ ንጹሕ አየር፥ የእሳት ብልጭታና የፒስተኑ ግፊት ናቸው። የሚመረመሩትም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሞተሩ ማብሪያ መከፈቱ፥ የቤንዚኑም መክፈቻ አለመዘጋቱ ይታይ። ይህን ማለት ለአዋቂ ስድብ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የጋራዥ ሰዎች እንደሚያውቁት ወደ እነርሱ ከሚመጣው ሞተር አንዳንዱ ከዚህ በቀር ሌላ ሕመም የለውም። ቀጥሎ የቆየው ቤንዚን ተቀድቶ በብርጭቆ ይታይ። ከሥር የውሃ ጠብታ ከተጠራቀመ፥ ቀለሙ ከጠቆረ፥ ሽታውም እንደ አሮጌ ቀለም ከከረፋ መጣል አለበት እንጂ በአዲስ አይቀላቀልም። የሚጣለውም ከወንዝና ከጉድጓድ ርቆ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ካንዴላ የሞተሩን ሕመም የሚናገር ምላስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ብዙ ጊዜ ገመዱ ከተጎተተ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ቤንዚኑ ወደ ውስጥ አልደረሰም ማለት ስለሆነ ጥፋቱ በቤንዚን ማጣሪያው፥ በላስቲኩ ወይም በካርቡራተሩ ነው። በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ታፍኗል፤ ካንዴላው ደርቆ፥ ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያም ተከፍቶ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ይጎተት። በጥላሸት ከጠቆረ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ሞቋል። መልኩ ቡናማ ከሆነ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው። ብልጭታ ካልሰጠ አዲስ ካንዴላ መሞከር ነው፤ የካንዴላ ዋጋ ከአንድ ቀን ሥራ መጥፋት ያንሳል።

የአየር ፊልትሮ በጁባ ከሌላ ሥፍራ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበጋ አቧራው፥ በክረምት የሣሩ ብናኝ ስፖንጁን ይደፍነዋል። ስፖንጅ የሆነው ፊልትሮ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፥ በጥላ ደርቆ፥ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ መመለስ ይችላል። ከወረቀት የተሠራው ግን አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ ይራገፋል፥ ካረጀም ይለወጣል። ፊልትሮው ስላስቸገረ አውልቆ መሥራት አሸዋ ወደ ሞተሩ ሆድ መጨመር ነው፤ አሸዋውም ፒስተኑንና ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ኃይል ካነሰው ወይም ሲሞቅ ከቆመ የማርሚታው መውጫ በጥላሸት ተደፍኖ እንደ ሆነ መታየት አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ገመዱ ሲጎተት ምንም ክብደት የማይሰማ ከሆነ ግን ፒስተኑ ግፊቱን አጥቷልና ወደ መካኒክ መሄድ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

የውሃ መሳቢያው ደግሞ ከሞተሩ ሌላ የራሱ ሕመም አለው። ሞተሩ እየጮኸ ውሃ የማይመጣ ከሆነ ጥፋቱ በሞተሩ አይደለም። የፓምፑ ሆድ ከመነሣቱ በፊት በውሃ መሞላት አለበት፤ ደርቆ ከዞረ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው መዝጊያው ተቃጥሎ ያልቃል። በመሳቢያው ጎሚኒ ላይ አንዲት ቀዳዳ ካለችም አየር ስለሚገባ ውሃው አይወጣም። ከሁሉ ይልቅ ገበሬውን የሚያታልለው የወንዙ መጉደል ነው። ማንኛውም ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃን ከሰባት ሜትር ያህል ጥልቀት በላይ ስቦ ማውጣት አይችልም፤ ይህ የአየር ክብደት የወሰነው ልክ እንጂ የፓምፑ ድካም አይደለም። እንግዲህ በኅዳር በደንብ ይሠራ የነበረ ፓምፕ ውሃው ሲሸሽ በዚያው በከፍታው ላይ እንደ ተቀመጠ ቢደክም መፍትሔው አዲስ ፓምፕ መግዛት ሳይሆን አሮጌውን ወደ ውሃው ማውረድ ነው።

ከምርመራ የሚበልጠው ግን ጥበቃ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ወቅቱ ሲያልቅ ቤንዚኑ ተቀድቶ ይውጣ፤ የቀረው ጥቂት ቤንዚን ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራና በራሱ ይቁም። ካንዴላው ተፈትቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ ውስጥ ይፍሰስ፥ ገመዱም ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይጎተት። የባለ አራት ምቱ ዘይት ይለወጥ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን ለስድስት ወር ያስተማምናል። ምላጩንም ሆነ ካርቡራተሩን ከመንካት በፊት የካንዴላው ሽቦ መነቀል እንዳለበት፥ በጋለ ሞተር ላይም ቤንዚን እንደማይቀዳ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጣትንና ፊትን የሚመልስ ጋራዥ የለምና።

ከዚህ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ የሚነሣውን አሳብ ማየት ተገቢ ነው። አሳቡን የሚያቀርቡት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተነሡም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ አራተኛ እጅ የሚሆነውን ሳያቃጥል በማርሚታው ያስወጣዋል፤ ጭሱንም አስቀድሞ የሚተነፍሰው ማጨጃውን የተሸከመው ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2021 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ2024 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ የግቢ ማጨጃዎችና መሰል ትንንሽ ሞተሮች ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ ታዟል። ኢትዮጵያም በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ካርቡራተር የለውም፥ ካንዴላ የለውም፥ ዘይትም አይቀላቀልለትም፤ ከላይ ከተዘረዘረው ሕመም ብዙው አይነካውም። በሐኪም ቤት መስኮት ሥር ሲሠራም በሽተኛ አይረብሽም።

ነገር ግን የአንዱን አገር ብልሃት ለሌላው ከመስጠት በፊት መሠረቱን መመርመር ይገባል። ኢትዮጵያ ያን ውሳኔ ስትወስን ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሃ የሚገኝ ነበር፤ በ2025 መስከረም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በጁባ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው የከተማው ዋና የኃይል ጣቢያ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭና በነዳጅ የሚሠራ ነው። የፀሐይ ኃይል መጨመር ቢጀመርም ገመዱ ያልደረሰበት መንደር ብዙ ነው፤ ሆቴሎችም፥ መሥሪያ ቤቶችም የየራሳቸውን ጄኔሬተር አቁመው ይኖራሉ። ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ በ2022 ተስማምተዋል፤ ይሁን እንጂ የተፈረመ ወረቀት የተዘረጋ ገመድ አይደለም። ባትሪውን በጄኔሬተር የሚሞላ ሰው ከቤንዚን አልተላቀቀም፤ ጭሱን ከትከሻው ወደ ጓሮው ማዛወሩ ብቻ ነው። እንግዲህ በጁባ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ትርጉም የሚኖረው ከፀሐይ ሲሞላ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ለምትገኝ ከተማ ፀሐይ ብርቅ አይደለችም።

የትኛው መሣሪያ አስቀድሞ ይለወጥ የሚለው ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በስሌት መመለስ አለበት። አንድ ሊትር ቤንዚን 9,000 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል በውስጡ ይይዛል። ትንሹ ሞተር ከዚህ ወደ ሥራ የሚለውጠው ስድስተኛውን እጅ ቢሆን 1,500 ዋት ሰዓት ይሆናል። 36 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነ የማጨጃ ባትሪ 180 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከብክነቱ በኋላ ለሥራ የሚቀረው 150 ያህል ነው። እንግዲህ የአንድ ሊትር ቤንዚን ሥራ ለመሥራት አሥር ባትሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። 600 ዋት የሚስብ ማጨጃ በአንድ ባትሪ የሚሠራው 18 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ረዥምና እርጥብ ሣር ለሚያጭደው የቀን ሠራተኛ ይህ አይበቃውም። የተማሪ ቤቱን በር፥ የአበባውን ዳርና የአጥሩን ቅርንጫፍ ለሚያስተካክለው ዘበኛ ግን ሁለት ባትሪ ሊበቃው ይችላል።

የውሃ መሳቢያው ስሌት ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን አሥር ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል 27 ዋት ሰዓት ነው፤ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ሲታሰብበት 75 ያህል ይሆናል። 600 ዋት የሆነ የሶላር ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝና ሩቡ በሙቀትና በአቧራ ቢባክን 2,250 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም 30 ሜትር ኩብ ውሃ ያወጣል። ማሳ በበጋ በቀን አምስትና ስድስት ሚሊ ሜትር ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ ይህ ለግማሽ ሄክታር አትክልት የሚበቃ ነው። ከዚህም በላይ የውሃ መሳቢያ ባትሪ አያስፈልገውም። ፀሐይ ሲኖር ውሃው ወደ በርሜል ወይም ወደ ገንዳ ይወጣል፤ የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ባትሪ ነው። ፀሐይ የምትበረታውም ማሳው ውሃ በሚፈልግበት ወቅት ነው። በዚህ ምክንያት በጁባ አስቀድሞ ወደ ኤሌክትሪክ መሻገር የሚገባው የገበሬው ፓምፕ ነው፤ ቀጥሎ ትንንሾቹ መቁረጫዎች፥ በመጨረሻም ከባዱ ሣር ማጨጃ ይሆናል። ሻጮች በመስኮታቸው የሚደረድሩት ግን ብዙ ጊዜ በተገላቢጦሽ ነው፤ አንጸባራቂው የባትሪ ማጨጃ ከፊት፥ ፓምፑ ከኋላ ይሆናል።

የባትሪም የራሱ ጠባይ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። የሊቲየም ባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። የጁባ የቀን ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥማ ከዚያ ይብሳል። ባትሪ በእንዲህ ያለ ቤት በቀትር ቢሞላ ዕድሜው ያጥራል። የሚሞላው በጥላና ነፋስ በሚያገኝበት ሥፍራ፥ ሥራ እንዳበቃም ወዲያው ሳይሆን ከበረደ በኋላ ነው። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉ ሆኖ ወይም ፈጽሞ አልቆ ሳይሆን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጥ። የአንዱ አምራች ባትሪ ለሌላው መሣሪያ ስለማይገጥም አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ብቻ መምረጥ ይበጀዋል። ያረጀ ባትሪም ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ቢቃጠል ሊፈነዳ ስለሚችል ለብቻው መሰብሰብ አለበት።

በፀሐይ ኃይል ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የመጀመሪያው ወጪ ከባድ ነው የሚለው ነው፤ ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የወንዝ ዳር ገበሬዎች አራትና አምስት ሆነው አንድ ሰሌዳና አንድ ፓምፕ በማኅበር ቢገዙ፥ ውሃውንም በተራ ቢካፈሉ ሸክሙ ይቀላል። ሁለተኛው ሰሌዳው ይሰረቃል የሚለው ነው፤ ይህም እውነት ነው። ለዚህ በጋሪ ላይ ተሠርቶ ማታ ወደ ቤት የሚገባ ሰሌዳ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ቤንዚንም ቢሆን የሚሰረቅ ነገር ነው፤ ሰሌዳ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ የኒሙሌ መንገድ ቢዘጋ፥ የገንዘቡም ምንዛሪ ቢወድቅ ለገበሬው ሥራውን አያቆምም።

የመንግሥት ሹማምንት በዚህ ነገር ያላቸው ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። መሣሪያ ሲገዛ ዋጋው ብቻ እየታየ ርካሹ ይመረጣል፤ መለዋወጫ የሌለው ርካሽ መሣሪያ ግን ከሁሉ የተወደደ መሆኑ በዓመቱ ይታወቃል። ከእንግዲህ በማናቸውም የግዥ ጨረታ ላይ ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር መለዋወጫ ካንዴላ፥ የአየርና የቤንዚን ማጣሪያ፥ የካርቡራተር ላስቲኮች፥ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያም አብሮ እንዲቀርብ ቢታዘዝ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱም መሣሪያ የሠራበት ሰዓት፥ ዘይት የተለወጠበትና ፊልትሮ የታጠበበት ቀን የሚጻፍበት መዝገብ ይኑረው። ኃላፊው የማይታወቅ መሣሪያ የማንም ስላልሆነ ቶሎ ይሞታል። በዕቃ ግምጃ ቤት የተከማቹት «የሞቱ» ሞተሮችም አዲስ ከመገዛቱ በፊት በአንድ መካኒክ እጅ በተራ ቢመረመሩ ብዙዎቹ ወደ ሥራ ይመለሳሉ።

የሙያ ማሠልጠኛዎችና የጁባ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ሊቃውንትም ከመኪና ጥገና ጎን ለጎን የትንሽ ሞተርንና የፀሐይ ፓምፕን ጥገና ቢያስተምሩ ለወጣቶች እንጀራ፥ ለገበሬዎችም እፎይታ ይሆናል። ዛሬ የካርቡራተር ቀዳዳ የሚጠርግ እጅ ነገ የሶላር ሽቦ መቀጠልን ለመማር ይቀርበዋል። በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን፥ ኤርትራውያን፥ ኬንያውያንና ኡጋንዳውያን ነጋዴዎችም ግቢያቸውን የሚያስጠርጉትና አትክልታቸውን የሚሸምቱት ከእነዚሁ ሰዎች ስለሆነ ነገሩ ለእነርሱም የሩቅ አይደለም።

ባጠቃላይ ሲታይ የቤንዚኑ ሞተር በጁባ ገና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባዋል፤ የፀሐይ ፓምፕም ገበሬውን ከሩቅ ወደብና ከተሰበረ ቧንቧ የሚያላቅቅ ስለሆነ ሊፋጠን ይገባዋል። ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በወቅቱ መጨረሻ የአንድ ሰዓት ጥንቃቄ የሚያደርግ እጅ ነው። ይህ እጅ ከሌለ የቤንዚኑ መሣሪያ በሙጫ፥ የኤሌክትሪኩም በሙቀትና በአቧራ ይሞታል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣም ሣሩ እንደ ልማዱ ማንንም ሳይጠብቅ ይበቅላል።